ለአባቴ ያልነገርኩት ፈቃድ

ልጄን ከመውለዴ በፊት ወደ ዘጠኝ ዓመት የሌሎችን ልጆች ሳዋልድ ኖሬያለሁ። የምሠራው ደሴ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል የማዋለጃ ክፍል ነው፤ ቤቴ ግን ኮምቦልቻ ነው። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ስለሆነ፣ ስንጋባ ከሁለታችን አንዳችን መመላለስ ነበረብን፤ እኔ ሆንኩ። በየቀኑ በሚኒባስ የሐረጎን ዳገት እወጣለሁ፣ በሚኒባስ እወርዳለሁ። ጠዋት ከቤት ለብሼ የምወጣው ሹራብ ደሴ ስደርስ አይበቃኝም፤ ስመለስ ደግሞ ያንኑ ሹራብ አውልቄ ክንዴ ላይ ይዤው እገባለሁ። ለምጄው ነበር።

አባቴ የኩታበር ገበሬ ናቸው። እናቴ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለሁ አርፋለች። ከቤታችን ተምሬ መንግሥት መሥሪያ ቤት የገባሁት እኔ ብቻ ነኝና አባቴ በዚህ ይኮሩ ነበር። ኩራታቸውን በአፍ አይናገሩትም፤ በሥራ ነው የሚያሳዩት። በሰፈራቸው የታመመ ወይም ነፍሰ ጡር ያለችበት ሰው ሁሉ ደሴ መሄድ ሲያስፈልገው መጀመሪያ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ስልኬን በቃላቸው ያውቁታል፤ ለጠየቃቸው ሁሉ እንደ ዱዓ እየደገሙ ያስይዙታል። «ልጄ እዚያ አለች፣ አብሽሩ» ይሏቸዋል። ስለዚህ በሳምንት ሁለቴም ሦስቴም «የአባትሽ ጎረቤት ነኝ» የሚል የማላውቀው ድምፅ ይደውልልኛል። እኔም እቀበላቸዋለሁ፣ ካርድ የሚወጣበትን አሳያቸዋለሁ፣ ከሐኪም አገናኛቸዋለሁ።

ልጄን የወለድኩት በታኅሣሥ ነው። የወሊድ ፈቃዴ አልቆ ሥራ ስመለስ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ሆኗት ነበር። የምትይዝልኝ ጎረቤታችን ናት፤ እሷም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች፣ ጉልበቷን ሲያማት ነው የተወችው። አራት ልጆች ያሳደገች፣ እጇ የማይሳሳት ሴት ናት። ሁሉን ነገር አዘጋጅቻለሁ ብዬ አስቤ ነበር። ጠዋት ጡቴን አልቤ በንጹሕ ዕቃ አስቀምጣለሁ፣ እሷ በኩባያ ታጠጣታለች። ለስንቷ እናት አስተምሬዋለሁ። እጅሽን ታጠቢ፣ እንዲህ አድርገሽ እለቢ፣ እንዲህ አድርገሽ አስቀምጪ፤ በመጨረሻም «ቀላል ነው» ብዬ እሸኛቸው ነበር።

ልጄ ግን አልጠጣም አለች። ጎረቤቴ በኩባያ ሞከረች፣ በማንኪያ ሞከረች፣ መጨረሻ ላይ እኔ ለሰው የምከለክለውን ጡጦ ሳይቀር ሞከረች። ከንፈሯን ገጥማ ፊቷን ታዞራለች። ቀኑን ሙሉ ጥቂት ጠብታ ቀምሳ እኔን ትጠብቃለች። ስገባ ጡቴ ላይ ተጣብቃ ትቀራለች። ሥራ ላይ ሆኜ ደግሞ ወተቱ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል። የሰው ልጅ ሲወለድና የመጀመሪያዋን ሲያለቅስ፣ ጋዋኔ ከፊት ለፊቱ ይርሳል። እጄ ሌላ ሴት እየረዳ፣ ሆዴ ኮምቦልቻ ነው።

በአራተኛው ሳምንት አንድ ነገር ተፈጠረ። ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ምጥ ላይ ነበሩ። የአንደኛዋን የጽንስ ልብ ምት አዳመጥኩና በሌላኛዋ የምጥ መከታተያ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። አብራኝ የምትሠራ ልጅ ወዲያው አይታ «ይሄ የማን ነው?» አለችኝ። አስተካከልኩት። ማንም አልተጎዳም፤ ሁለቱም በሰላም ወለዱ። እኔ ግን እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ጊዜ እያየሁ ዋልኩ።

የክፍሉ ኃላፊ ጡረታዋ የተቃረበ ሴት ናት። ጮኻ አታውቅም። ከሰዓት በኋላ «ሲስተር፣ ነይ እስቲ» ብላ አንሶላ የሚቀመጥበት ክፍል ወሰደችኝና በሩን ገፋ አደረገችው።

«የት ነው ያለሽው?» አለችኝ።

«እዚህ ነኝ።»

«አይደለሽም። ኮምቦልቻ ነሽ።» ከዚያ፣ «እኔ ሁለተኛ ልጄን ስወልድ መመለስ ነበረብኝና ተመለስኩ። ልጁ አደገ፣ ደህና ነው። እኔ ግን ከዚያ ዓመት አንድም ነገር አላስታውስም። መቼ እንደዳኸ፣ መቼ ጥርስ እንዳበቀለ አላውቅም። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጠይቂ። ጽፈሽ አምጪ፣ እኔ እደግፍልሻለሁ» አለችኝ።

አመስግኛት ወጣሁ እንጂ ተቀይሜ ነበር። አልቻልሽም ያለችኝ መሰለኝ። አንድ ሳምንት ሙሉ ማመልከቻውን አልጻፍኩም። እሑድ ቀን ልጄን ሚዛን ላይ አስቀመጥኳት። ካለፈው ወር አንድም ግራም አልጨመረችም። የክብደት መከታተያውን መስመር ማንበብ ሥራዬ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን ወዲያውኑ የምናገረው አለኝ።

የዚያን ዕለት ቀትር ላይ ባለቤቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲጠርግ ነገርኩት። ኃላፊዋ ያለችኝንም፣ ክብደቷንም። ጨርቁን አስቀመጠ።

«አንዲት እናት እንዲህ ሆና ብትመጣብሽ ምን ትያታለሽ?» አለኝ።

«የምትችዪ ከሆነ ትንሽ ቤትሽ ቆዪ እላታለሁ።»

«እና?»

«እናማ እኔ ሥራ አለኝ።»

ሳቀ። «እነሱስ ምን ነበራቸው?»

እኔም ሳቅሁ፣ ወዲያው ደግሞ አለቀስኩ። ጠባብ ኑሮ እንደሚሆን ሁለታችንም እናውቅ ነበር። «አላህ ያውቃል፣ እንደምንም ይሆናል» አለ። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ለመንኩት።

«ለአባቴ እንዳትነግር።»

«ለምን? ከሥራ አልወጣሽ።»

«እዚህ ፈቃድ ነው። ኩታበር ሲደርስ ‹ከሥራ ወጣች› ይሆናል።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ግን እሽ አለ። ፈቃዱ እስከ አንድ ዓመት ተፈቀደልኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አስታውሳለሁ ብል ውሸት ነው፤ ልጄ ስትተኛ ተኛሁ፣ ስትነቃ ነቃሁ። ክብደቷ መጨመር ጀመረ። በሁለተኛው ወር ጉንጯ ሞላ፣ የእጇ አንጓ ላይ ያ የሕፃን ቀለበት የሚመስለው እጥፋት ወጣላት። እሱን ሳይ የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ያላሰብኩት ነው። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ፤ ነቅቼ የምሄድበት የለኝም። ዘጠኝ ዓመት «ሲስተር» እየተባልኩ፣ አሁን ውሃ ልቀዳ ስወጣ የልጅቷ እናት ነኝ። እሱም ክፉ ስም አልነበረም፤ ብቻ አዲስ ጫማ ይመስል ቶሎ አልተመቸኝም። አንዳንድ ቀን የሥራ ባልደረቦቼ ደውለው ያሳለፉትን ቀን ሲያወሩልኝ፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግቢው ጭር ይልብኛል።

አባቴ ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት መልስ ይደውላሉ።

«አፍያ ነሽ? ሥራ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አባ።»

«በሽተኛው በዝቷል?»

«በዝቷል።»

አንድ ዓርብ ልጄ እቅፌ ውስጥ ሆና አለቀሰች። «የማን ልጅ ነው የሚያለቅሰው?» አሉኝ። «ማዋለጃ ክፍል እኮ ነው አባ፣ ልጅ አይጠፋም» አልኳቸው። ባለቤቴ ከወዲያ ሆኖ አየኝ። እኔ ግን ዓይኑን ሸሸሁ።

እሳቸው የሚልኳቸው ሰዎችም መደወላቸውን አላቋረጡም። ፈቃድ ላይ ነኝ እንደማለት፣ ኮምቦልቻ ቁጭ ብዬ ለባልደረቦቼ እየደወልኩ እንዲቀበሉልኝ አደርግ ነበር። «እኔ አሁን ሌላ ክፍል ነኝ፣ እዚያ ያለችው ጓደኛዬ ታስተናግዳችኋለች» እላለሁ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጎተተ ስምንት ወር ሄደ። ለዒድ ኩታበር ስንሄድ ልነግራቸው ቆርጬ ነበር። አባቴ ልጄን አቅፈው ለጎረቤት ሁሉ «የሲስተሯ ልጅ» እያሉ ሲያሳዩ ጊዜ ሳልነግራቸው ተመለስኩ።

ያም ሆኖ ያ ጊዜ ባዶ አልነበረም። ግቢያችን ውስጥ ብዙ የፋብሪካ ሴቶች ይኖራሉ። አንዷ የወሊድ ፈቃዷ ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ልጇን ታቅፋ መጣች። «ስመለስ ምን ላድርግ? አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። «ቀላል ነው» ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። የኔ ልጅ አልቀበልም ብላኝ እንደነበር ነገርኳት። ደነገጠች፣ ከዚያ ትከሻዋ ሲወርድ አየሁ፤ ብቻዋን አለመሆኗ ሳያሳርፋት አልቀረም። ሁለታችን ሆነን ቀደም ብለን ማለማመድ ጀመርን። በጣም ሳይርበው፣ እናትየው ከክፍሉ ወጥታ፣ በትንሽ ኩባያ። በአራተኛው ቀን ልጇ ጠጣ። ከዚያ ሌሎችም መጡ። እኔም ከማውቀው ይልቅ ያላወቅሁትን መናገር ጀመርኩ፤ ይበልጥ የሚሰሙኝ ያኔ ነበር።

ጥር ላይ አንድ ቀን፣ ረፋድ፣ ልጄ ከወንበር ወንበር እየተደገፈች ስትሄድ እያየሁ ስልኬ ጠራ። አባቴ ናቸው። ዓርብ አልነበረም።

«የት ነሽ?» አሉኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድሙ።

«ሥራ ላይ ነኝ አባ። ምነው?»

ከኋላቸው የሰው ድምፅ፣ የሚገፋ አልጋ ጎማ ይሰማኛል። ያንን ድምፅ በእንቅልፌም አውቀዋለሁ።

«እኔም ሥራሽ ላይ ነኝ» አሉ በመጨረሻ። «በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፈቃድ ከወጣች ስምንት ወሯ ነው እያሉኝ ነው።»

ልጄን ከወንበሩ አንስቼ አቀፍኳት።

«ይህን በኋላ እናወራዋለን» አሉ። «የጎረቤታችንን ልጅ ይዘን መጥተናል። የመጀመሪያዋ ነው፣ ምጡ ጠንቶባት ከኩታበር ወደዚህ ተላከች። ባሏ ሩቅ ነው፣ እናቷም ከእሷ የባሰ ፈርታለች። ነይ።»

ልጄን አዝዬ ወጣሁ። ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ ጉም ነበር፤ ሾፌሩ ቀስ ይላል፣ እኔ ደግሞ በልቤ እየገፋሁት ነው። ለአባቴ የምነግራቸውን እየደረደርኩ፣ እያፈረስኩ ደሴ ደረስኩ።

አባቴ ከማዋለጃው በር ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ በትራቸውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሲያዩኝ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ፤ ልጄን አውርጄ ሰጠኋቸው። «ግቢ» አሉኝ።

ሥራ ላይ ስላልሆንኩ የገባሁት እንደ ማንኛዋም አስታማሚ ነው። ተረኛዋ ያችው ኃላፊያችን ነበረች። አየችኝና ጋዋን ሰጥታኝ «ዛሬ በራስጌ በኩል ነሽ» አለችኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ ቆሜያለሁ፤ ሁልጊዜ የቆምኩት ግን በግርጌ በኩል ነበር። ልጅቷ ከሃያ ዓመት አትበልጥም። እጇን ስትሰጠኝ አጥንቴ እስኪሰማው ጨበጠችኝ።

ከራስጌ ሆኖ ሲታይ ሌላ ክፍል ነው። ሐኪሙና አዋላጆቹ እርስ በርስ ያወራሉ፣ ወረቀት ያያሉ፣ አንዱ ይወጣል፣ አንዱ ይገባል። እያንዳንዷ ቃል ለእኔ ግልጽ ናት። ልጅቷ ግን ፊታቸውን ብቻ ነው የምታነበው።

«ምን እያሉ ነው?» አለችኝ። «ልሞት ነው?»

«አይደለም። የልጅሽ ልብ ደህና ይመታል እያሉ ነው። ምጥሽ ስለደከመ የሚያበረታ መድኃኒት በግሉኮስ ሊሰጡሽ ነው።»

«ለምን ወጣ እሱ ሰውዬ?»

«መድኃኒቱን ሊያዝልሽ ነው። ይመለሳል።»

እንዲህ እያልን ሰዓታት ቆየን። እሷ ትጠይቃለች፣ እኔ እነግራታለሁ። ነገሩን ካወቀች ትረጋጋለች፣ ካላወቀች እጄን ታደቃለች። ዘጠኝ ዓመት በሥራዬ ጎበዝ ነኝ ብዬ ነበር የማምነው፤ መጥፎም አልነበርኩም። ግን ለስንቷ ሴት የሚሆነውን እየሆነ እያለ ነግሬያታለሁ ብዬ ሳስብ ብዙ አላገኘሁም። ጊዜ የለንም እንል ነበር። እውነት ነው፣ አልነበረንም። አንድ ዓረፍተ ነገር ለማለት ግን ነበረን።

ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት ጥቂት ቀደም ብሎ ወንድ ልጅ ተወለደ። ትንሽ ዘግይቶ አለቀሰ፣ ያቺ ትንሽ ጊዜ ለሁላችንም ረዘመችብን፣ ከዚያ ክፍሉን በድምፁ ሞላው። እናቱ ወደ እኔ ዞራ «አሁንስ ምን አሉ?» አለችኝ። «ማሻአላህ አሉ» አልኳት።

ስወጣ አያት የሆነችው የልጅቷ እናት ስማኝ ሮጣ ገባች። አባቴ አሁንም አግዳሚው ላይ ነበሩ። ልጄ በጉልበታቸው መሐል ቆማ በትራቸውን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ከደረቷ ላይ የሚረግፍ የዳቦ ፍርፋሪ ነበራት። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ወለደች?»

«ወለደች አባ፣ ወንድ። ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላህ።» ፍርፋሪውን ከልጄ ደረት አራግፈው፣ «ለምን ደበቅሽኝ?» አሉ።

«ያፍሩብኛል ብዬ።»

«አፍሬያለሁ እንጂ። ግን በሌላ ነው። ልጄ እዚህ አለች ብዬ ሰው ይዤ መጥቼ፣ ልጄ የት እንዳለች የማላውቅ ሰው ሆኜ ቆምኩ። በዚህ ነው ያፈርኩት።»

አንገቴን ደፋሁ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ከዚያ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ አልጠጣም ማለቷን፣ የተሳሳትኩበትን ወረቀት፣ ሚዛኑን። ሳያቋርጡ ሰሙኝ። እኔ ስጨርስ ልጄን ወደ ራሳቸው አዞሩና ጉንጯን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«አሁን ግን ሞልታለች» አሉ።

«ሞልታለች።»

«እንግዲያ ምን ያሳፍራል? እኔ እናትሽ ስታርፍ ሁለት ክረምት እርሻውን እኩል ለሚያካፍለኝ ሰው ሰጥቼ ቤት ዋልኩ። ማን ያበላችሁ ነበር? ያን ጊዜ ሰው ብዙ ብሏል።»

ይህን አላውቅም ነበር። ልጅ ብሆንም አባቴ ቤት መዋላቸውን አስታውሳለሁ፤ እርሻ ትተው እንደሆነ ግን አስቤው አላውቅም። ከእኔ የሚጠብቁትን ሁሉ አውቃለሁ ብዬ ስምንት ወር የሸሸሁት እኒህን ሰው ነው።

«መቼ ነው የምትመለሺው?» አሉኝ።

«ግንቦት ላይ ነው ፈቃዱ የሚያልቀው። አሁን ምግብ ስለምትበላ ይሻላል። ግን ጎረቤቴ ጉልበቷ ብሶባታል፣ መጀመሪያ ላይ ብቻዋን እንዳትሆን እፈራለሁ።»

«እኔ አለሁ» አሉ።

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ግንቦት ሲገባ እውነትም መጡ። እርሻውን ለወንድሞቼ ትተው፣ በሶና የገብስ ቆሎ ይዘው፣ ከመናኸሪያ ብቻቸውን ጠይቀው ግቢያችን ደረሱ። የግቢው ሴቶች አንድ ሽማግሌ ሕፃን ሲያበሉ ለማየት በየሰበቡ ብቅ ይሉ ነበር። «ሴት ጠፍቶ ነው?» ያለችም አለች። አባቴ «ሴቷ ሥራ ሄዳለች» ብለው ገንፎውን ማቀዝቀዛቸውን ቀጠሉ። ጎረቤቴ ታሳያቸዋለች፣ እሳቸው ይሠራሉ። ሦስት ሳምንት ቆዩ። በሦስተኛው ሳምንት ከሥራ ስገባ ልጄ ወደ እኔ ሳትመጣ እሳቸው ጉልበት ላይ ስትቀር ትንሽ ቀናሁ፤ ከዚያ ተቀምጬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም፣ ምሳዬንና እራቴን በአንድ ላይ በላሁ።

ሥራ የገባሁ ቀን እጄ ሁሉን ይረሳል ብዬ ፈርቼ ነበር። አልረሳም። የመጀመሪያዋን ሴት ሆድ ስዳስስ ጽንሱ በየት በኩል እንዳለ ጣቶቼ ከእኔ ቀድመው አወቁት። አሁን ጠዋት ተረኛ ስሆን ከምንም በፊት ወደ አግዳሚው ወጥቼ ውጭ ለሚጠብቁት ቤተሰቦች የእያንዳንዷን ሁኔታ እነግራለሁ። ብዙ አይፈጅም። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ሥራ አበዛሽብን ብለውኝ ነበር፤ አሁን እኔ በሌለሁ ጊዜም አንዳቸው ይወጣሉ።

ልጄ አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። ጠዋት ጎረቤቴ ዘንድ ስተዋት አታለቅስም። ባለፈው ሳምንት አንዲት እንግዳ «እናትሽ ምን ትሠራለች?» ብትላት፣ «ሕፃን ታወጣለች» ብላ መለሰችላት። ከየት እንደማወጣ ግን እስካሁን አልጠየቀችኝም።